ሚፍታህ የዘለላቸው መስመሮች

አባቱ ስለ ኢስታንቡል አንድም ቀን ያልጠየቁት ለምን ይሆን? ሚፍታህ እዚያ ትምህርቱን ጨርሶ ቡሬ ከተመለሰ ወዲህ ይህን ነገር ያሰላስላል።

ስለ ታናሽ ወንድሙ ስለ ጁማ የማይጠየቅ ነገር የለም። ጁማ ባሕረኛ ሊሆን በሰው አገር የጦር መርከብ ላይ ይሠለጥናል። ውሎውን በየቀኑ በደብተር ይጽፋል፤ መርከቧ ወደብ በደረሰች ቁጥር ገጾቹን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልካል። የአባታቸውን የሐጂ አብዱሰመድን ዓይን ሞራ ስለጋረደው፣ በርበሬ ማከማቻቸው ደጃፍ ተቀምጦ ማንበብ የሚፍታህ ሥራ ሆነ።

ጎሕ ሳይቀድ የመርከቧን ወለል ማጠቡን፣ ሽንኩርት መላጡን፣ ማዕበል ሲነሣ ሳህኑን በጉልበቱ አጣብቆ መብላቱን ጽፏል። አንድ ቀን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ ዞሮ ሰላት ሲጀምር መርከቧ አቅጣጫ ለወጠች፤ «አባ፣ እኔ ቀጥ ብዬ ቆሜ እሷ ከዳችኝ» ይላል። ሐጂ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ለገበያተኛው ሁሉ ደጋግመው አወሩት። ከዚያ ወዲህ በርበሬ ጭኖ የሚመጣው ገበሬው እጅጉ ገና ከበር «ሐጂ፣ መርከበኛው ዛሬ ምን አጠበ?» እያለ ነው የሚገባ። አንድ ጧት ወደ ሚፍታህ ዞር ብሎ፣ «አንተስ የተማርኸው የት አገር ነበር?» አለው።

ከዚያች ዕለት ጀምሮ ሚፍታህ ቀልዶቹን መዝለል ጀመረ። ማጠቡን ያነባል፤ ማስመለሱን ያነባል፤ ሳቁን ያልፈዋል። አንዲት ቃል አልጨመርሁም እያለ ራሱን ያጽናናል።

የሐጂ ፊት ግን ከገጽ ገጽ እየጠቆረ ሄደ። አንድ ቀን የእጃቸውን በርበሬ አራገፉና፣ «ይበቃል። ልጄን ባሕሩ ቀይሮታል፤ ሳቁን ጥሏል። ና በለው፤ ጻፍለት» አሉ።

ሚፍታህ ስልኩን አስቀመጠ። ያቺ የቆየች ጥያቄ አመለጠችው።

«እኔስ አባ? እዚያ እንዴት እንደኖርሁ ጠይቀውኝም አያውቁ።»

«ምን ብዬ ልጠይቅህ? እዚያ ሳለህ መልእክትህን ሁሉ ጁማ ያነብልኝ ነበር እኮ። በረዶ አንሸራቶህ ፖሊስ ይዘህ መውደቅህን ያነበበልኝ ለታ፣ ሆዴን እስኪያመኝ ስቄያለሁ። በጽሑፍ እንዲያ ታስቅ የነበርህ ሰው፣ ዝም ያልኸው እዚህ መጥተህ ነው።»

ሚፍታህ ፖሊስ ይዞ ወድቆ አያውቅም። ይጽፍ የነበረው «ደህና ነኝ፤ ትምህርት ጥሩ ነው» ብቻ ነበር። አባቱ የወደዱት ያ ተጫዋች ሚፍታህ ጁማ የፈጠረው ሰው ነው። በዚያ በተፈጠረ ሚፍታህም ቀናበት።

«ይቆዩ አባ፤ የዘለልኋት ቦታ አለች» አለና ገጾቹን ከመጀመሪያው ጀመረ። የሐጂን ሳቅ እጅጉ ከመንገድ ማዶ ሰምቶ መጣ። «ና» የሚለው ሳይጻፍ ቀረ።

ማከማቻውን ሲዘጉ ሚፍታህ ለወንድሙ «እኔ ፖሊስ ይዤ መች ወደቅሁ?» ብሎ ላከለት።

ጁማ መልእክቷን አይቷታል፤ የቴሌግራም ምልክቷ ትናገራለች። ከሚቀጥለው ወደብ ገጾች ላከ፤ ከሌላውም ላከ። ለዚያች ጥያቄ ግን አልመለሰም።