የሦስተኛዋ ክፍል በር

7.

በሩን ላንኳኳ እጄን አነሳሁ።

1.

ይቅርታ፣ ቸኩዬ ከሰባት ጀመርኩ። ከአንድ ልነሳ።

አስካለ እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። ልጆቼ አድገው ወጥተዋል። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ግቢው ሰፋኝ። ትልቁ ልጄ ናሆም በጓሮ በኩል አራት ክፍል ሠራልኝና «እማዬ፣ ከእንግዲህ ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ፣ የማንንም እጅ አታዪም» አለኝ። እመቤቴ ትባርከው። እውነቴን ነው፣ ልጅ ደግ ቢሆንም እጁን መጠበቅ ያሳንሳል።

2. ቁጭ ብሎ መብላት

አንቺም ክፍል ልታከራዪ ካሰብሽ፦ ውሃ የመጣ ለታ በርሜሉን ሙዪ። ቆጣሪው አንድ ነውና በመብራት ተጣዪ። ከዛ ታረቂ። ሽንት ቤቱን ተራ አስይዢ፤ ተራውን የሚያከብር ሲጠፋ ራስሽ እጠቢ። ያመመው ካለ ሾርባ ውሰጂ።

ደግሞ አትልመጃቸው።

ይሄን የመጨረሻውን እኔ አልቻልኩበትም።

3. ሦስተኛዋ

ሦስተኛዋ ክፍል ያለችው ስንዱ ናት። ከመንዝ የመጣች፣ ጨርቅ ፋብሪካ የማታ ፈረቃ የምትሠራ ልጅ። ጠዋት ስትገባ በመስኮቴ በኩል «እትዬ፣ አደሩ?» ትለኛለች። ከእናቷ ጋር ስልክ ስታወራ ጓሮ ሆኜ እሰማታለሁ። «እኔ ደህና ነኝ እናቴ፣ አንቺን ብርዱ እንዴት አደረገሽ?»

4. ስልክ፣ ቅዳሜ

ናሆም፦ እማዬ፣ ሦስተኛዋንና ባዶዋን አራተኛ አንድ እናደርጋቸዋለን። ለእንግዳ በቀን ይከራያል። ግንበኛው ዛሬ ለክቶ ሄዷል አይደል?

እኔ፦ ስንዱስ?

ናሆም፦ ከተማው ክፍል ሞልቷል እኮ። አንቺ ንገሪያት፣ አንቺን ትሰማለች። ሰኞ ማፍረስ ይጀምራል፤ ቀብድ ሰጥቻለሁ።

እኔ፦ ቤት እስክታገኝ እንኳ…

ናሆም፦ ለኔ መሰለሽ እማዬ? እኔ አንድ ነገር ብሆን ምን ትበያለሽ?

እኔ፦ አታሟርት! እሺ። እነግራታለሁ።*

* አልነገርኳትም። እሑድ ቅዳሴ ነበር። ስመለስ ተኝታለች። ስትነሳ አፌ እምቢ አለኝ።

5. እሑድ ማታ

ስንዱ ሥራ ከገባች በኋላ አንድ ሽማግሌ አንኳኩ። አጎቷ ናቸው፣ አያ ደርበው።

«እትዬ የሚሏት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ አባቴ፣ ይግቡ።»

«እናቷ ዓርብ አረፈች። ቀበርናት።»

መቼም መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ንጋት ላይ፣ ዘመድ ባለበት ነው። «እዚህ ዘመዷ ማነው? ልፈልግልዎት» አልኳቸው።

ገረማቸው። «እርስዎ ነዎታ! ‹እዚያም እናት አለችኝ› ስትለን አይደል የኖረች?»

ወንበር ሳብኩላቸው።

«ለቅሶም ትቀመጥበት ክፍል አላት አይደል?» አሉኝ።

6. ስልክ፣ ያው ማታ

እኔ፦ ግንበኛውን መልሰው።

ናሆም፦ ኧረ እማዬ! ቀብዱ ይበላል!

እኔ፦ የስንዱ እናት ሞታለች።

ናሆም፦ ነፍስ ይማር። ትልቅ ሴት ነበረች?

እኔ፦ የኔ እኩያ።

ናሆም፦ እስከ ሰልስት ልለምነው። ከዛ ወዲያ ግን፣ እማዬ…

7.

አሁን ደረስን። ሰኞ ንጋት ነው። ውርጭ።

የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ጌጤ ሁለት ሽማግሌ ይዘው መጡ። አያ ደርበውን ጓዳ ደበቅናቸው፤ እሳቸውን ካየች መርዶው ያው ተነገራት ማለት ነው። እኔ ለካ ሳላውቀው ነጠላዬን ለለቅሶ አዘቅዝቄዋለሁ።

«አስካለ፣ ነጠላሽን! ገና ሳትሰማ!» አሉኝ ጋሽ ጌጤ። አስተካከልኩ።

«ሌላም አለ» አሉ። «ተከራይ የእድር አባል አይደለችም። ድንኳንና ወንበር የማወጣው ባንቺ ነው። ምንሽ ናት ልበል?»

«ይቆዩኝ» አልኳቸው።

የግቢው በር ተከፈተ።

«እትዬ፣ አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን።» እንዴት እንደወጣልኝ እሱ ያውቃል።

ክፍሏ ገባች። እኔ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ ሆነን ሄድን። በሩን ላንኳኳ እጄን አነሳሁ።

8.

ቀድማ ከፈተችው። ፊቷን ልትታጠብ ጆግ ይዛለች። እኔን አየችኝ። ሽማግሌዎቹን አየች።

ሳቀች።

«እትዬ ደግሞ! ክፍል ልቀቂ ለማለት ሽማግሌ ይሰበሰባል? ሰውየው ግድግዳውን ሲለካ አይቼዋለሁ እኮ።»

«ስንዱዬ…»

«ኧረ አልቀየምም! እርስዎስ ምን ያድርጉ። ቤት እስካገኝ ፈቃድ እጠይቅና እናቴ ጋ ሰንበት ብዬ እመጣለሁ። ናፍቃኛለች ደግሞ።»

9.

ጋሽ ጌጤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በእጄ ከለከልኳቸው።

የእናቷም ነገር፣ የክፍሏም ነገር፣ ጋሽ ጌጤ የጠየቁኝም ባንዴ አፌ ላይ መጣ። አንቺ የምታነቢው፣ እስቲ እኔ ቦታ ቁሚ።

ጆጉን ተቀበልኳት።

10.

«ልጄ፣