ሰሌዳው ላይ የቀረው ማካፈል

ተለማማጇ መምህርት በሰው አገር የአምስተኛ ክፍል ልጆችን ማስተማር ከጀመረች ሰባተኛ ሳምንቷ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ነገር አልዋጥላት ብሎ ነበር፤ ልጆቹ የሚመልሱት ተቀምጠው ነው! እሷ በተማረችበት ክፍል መምህር ሲገባ ሃምሳ ተማሪ በአንድ ጊዜ ብድግ ይል ነበር። እዚህ ግን አንዱ አገጩን በጡጫው ደግፎ «አልገባኝም» ይላታል፣ ያውም አንቺ እያለ። ንቀት መስሏት ሆዷ ይባባ ነበር። ኋላ ስታየው ለካ ያልገባው ልጅ «አልገባኝም» ማለቱ ለመምህር ትልቅ ዕረፍት ነው።

ያልለመደችው የማካፈል አጻጻፋቸውን ነው። አካፋዩን በስተቀኝ ያስቀምጡና ድርሻውን ከሥሩ ይጽፋሉ። እሷ የምታውቀው አካፋዩን በግራ፣ ድርሻውን ከአናት ነው፤ ያስተማራት ሠላሳ ዓመት ጠመኔ የጨበጠው አባቷ ነው። የእነሱን ለመልመድ ስንት ወረቀት እንደፈጀች እሷ ታውቃለች።

ዛሬ የግምገማ ቀን ነው። ጀርባዋ ቀጥ ከማለቱ የተነሳ በልቧ «ማስመሪያዋ» ያለቻት አንጋፋ መምህርት ቅጹን ጭኗ ላይ ዘርግታ ከኋላ ተቀምጣለች። ከፈረመች የመምህርነት ወረቀት አለ፤ ካልፈረመች ባዶ እጅን ወደ አገር ቤት መመለስ ነው።

የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ያለ እንከን አለፈ። ከዚያ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስድስትን ለአራት ልታካፍል ወደ ሰሌዳው ዞረች። እጇ ግን ሳያማክራት አራትን በግራ በኩል ቁጭ አደረጋት።

«ተሳስተሻል!» አለች ከፊት የተቀመጠችው ምላሰኛ ልጅ።

ክው አለች። በአባቷ ክፍል ውስጥ መምህር ተማሪ ፊት አይሳሳትም፤ ከተሳሳተም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ቶሎ በዳስተር ጠርጎ ያልፋል። ዳስተሩን አነሳች። ከኋላ የማስመሪያዋ እስክሪብቶ ሲንቀሳቀስ ይሰማታል። ግን ምኑን ነው የምታጠፋው? ስህተት የለበትም እኮ! በዚህ አካፍሎ ስንቱን ልጅ ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ሰው ልጅ ናት። እልህ ያዛትና ዳስተሩን መልሳ አስቀመጠችው።

«አልተሳሳትኩም። እኛ አገር የሚካፈለው እንዲህ ነው። ማን ያምነኛል?»

አንድም የሚያምናት ጠፋ።

«እንግዲያው እናንተ በለመዳችሁት ሥሩ፣ እኔ በለመድኩት እሠራለሁ። መልሳችን ካልገጠመ የቤት ሥራ የለም።»

የቤት ሥራ የለም ሲባል የማይሠራ ማን አለ? ክፍሉ ደብተሩ ላይ ተደፋ። እሷም ጠመኔው እስኪሰበር ሠራችው፤ ከአናት ሁለት መቶ ሠላሳ አራት ጻፈች። ከዚያ ምላሰኛዋ «ገጠመ!» ብላ ጮኸች፤ ጎረቤቶቿም ደብተራቸውን ወደ ላይ አነሱ። «ሌላ ስጪን! በእናንተ አገር እንሥራው!» ሰልፍ ይዘው ወደ ሰሌዳው መጡ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ ማስመሪያዋ ቅጹን ይዛ መጣች።

«አንድ ነጥብ ቀንሼብሻለሁ» አለች። «ያስተማርሽው ነገር ዕቅድሽ ላይ የለም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እጄ ነው...»

«እጅሽን አትክሰሺው። ፈርሜልሻለሁ።»

ወረቀቱን ተቀበለች። እንባዋ ሊያመልጣት ስለነበር ቶሎ ብላ ወደ ሰሌዳው ዞረችና ለማጥፋት እጇን ዘረጋች።

«ተይው፣ እንዳታጠፊው» አለች ማስመሪያዋ። «ቀጥሎ እዚህ የማስተምረው እኔ ነኝ።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው አልገባትም። ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ደርሳ ዘወር ስትል፣ ማስመሪያዋ ማስታወሻዋን ከፍታ፣ ከሰሌዳው ላይ ቁጥር በቁጥር እየገለበጠች ነበር።