የኅሩይ ታኮ

ኅሩይን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ልጆቼ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ቦርሳዬን የሚይዝልኝ፣ እዚሁ ጄኔቭ፣ ፓኪ ሰፈር፣ የምግብ ቤት ወጥ ቤት የሚሠራው ዝምተኛው ሰውዬ ነው። ዝርግ ጫማ ነው የሚጫማው። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም፤ እንዲህ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ይህንን ደግሞ ከእናንተ መካከል የሚያውቅ የለም።

ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር ሰባ ሁለት ነው። እኔ ጄኔቭ ከገባሁ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። የመጣሁት የአንድ የኤምባሲ ሰው ልጆች ሞግዚት ሆኜ ነበር። ደርግ ሲመጣ ሰውየው ወደ አገር ተጠራ፣ አልሄድም አለ፣ ቤተሰቡ ተበተነ፣ እኔም አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠርኩ። ከከተማው ዳር፣ ላንሲ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ነበረችኝ። ከአገር ሸሽቶ የሚመጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ያርፋል፤ ፍራሽ ከሳሎኔ ተነሥቶ አያውቅም ነበር።

ኅሩይም በሱዳን በኩል ወጥቶ እንደዚያ ነው የመጣው። አጭር፣ ቀጭን፣ ዓይኑን መሬት መሬት የሚያደርግ ልጅ። ዓይን አፋር መስሎኝ ነበር። ለካ የሚያየው የሰው ጫማ ኖሯል። መርካቶ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ሲሰፋ ነው ያደገው። በንጉሡ መጨረሻ ዘመን የአዲስ አበባ ጎረምሳ ሁሉ ቤልቦተም ሱሪ ለብሶ ባለታኮ ጫማ ተጫምቶ ሲንጎራደድ፣ ታኮውን ከሚሠሩት አንዱ እሱ ነበር። ራሱም ከታኮ አልወረደም። ደርግ ከገባ በኋላ የቀበሌ ጥበቃዎች መንገድ ላይ አስቁመው፣ የአድኃሪ ጫማ ነው ብለው፣ ታኮውን በመጥረቢያ ቆርጠውበት እያነከሰ ቤቱ ገብቷል። ይህንን ራሱ ነው እየሳቀ ያጫወተኝ። በማግስቱ ሌላ ታኮ አስገባበት።

እዚህ ሲደርስ ግን ፋሽኑ አልፏል። የፈረንጅ ወንድ ሁሉ ወደ ዝርግ ተመልሷል።

"ኅሩይ፣ ይሄ ነገር እኮ አሁን የሴት ነው" ስለው፣

"እትዬ የወይንሐረግ፣ ታኮ የሚያውቀው ክብደት ነው፤ ወንድና ሴት አያውቅም" ይለኛል።

ፔርሚውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ካገኘ በኋላ የሆነለት ሥራ ሳህን ማጠብ ነበር። ሁለት ዓመት አጠበ። አንድ ቀን እንኳ አላማረረም። አንድ ማታ ብቻ፣ እራት ላይ፣ እጁን ገልበጥ አድርጎ እያየ፣ "እጄ እየረሳ ነው፣ እትዬ" አለኝ።

"ምኑን?"

"ቆዳውን። ዛሬ በሱቅ መስኮት አንድ ጫማ አይቼ ስፌቱ ከየት እንደተጀመረ ማወቅ አቃተኝ።"

የእናቱን ስም የረሳ ሰው ነበር የሚመስለው።

እግዜር ይስጣትና ፍቅርተማርያም የምትባል የአገራችን ልጅ፣ ዙሪክ ሆስፒታል የምትሠራ፣ እዚያው ዙሪክ፣ ቪዲኮን ሰፈር፣ ለቴአትር ተጫዋቾች ጫማ የሚሰፋ አንድ ቤት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ጻፈችለት። እሱም ለባለቤቱ ደብዳቤ ላከ። መልስ መጣ፦ ከሦስት ወር በኋላ ማክሰኞ ና፣ የሠራኸውን አንድ ጫማ ይዘህ ና።

ያን ሦስት ወር ወጥ ቤቴ መርካቶን መሰለ። ቆዳው የሚወጠርበትን የእግር ቅርጽ፣ ፎርማውን፣ ከእንጨት ራሱ ጠረበ። ቆዳ፣ ወስፌ፣ ማስቲሽ። ወጡ ሁሉ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸት ነበር። በመጨረሻ ቀይ ዳማ ቆዳ፣ ታኮው አራት ጣት ሙሉ የሆነ የወንድ ጫማ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ማማሩን አልክድም።

"ካርቶን ልፈልግልህ?" አልኩት።

"በእግሬ ነው የምሄደው እንጂ። ካርቶን ውስጥ የተኛ ጫማ ምን ያሳያል?"

ይኸው እንግዲህ፣ ነግሮኝ ነበር። አልሰማሁም ብዬ አላመካኝም።

ማክሰኞ ሊሄድ፣ እግሩ እንዲለምደው እሁድ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ተጫምቶት መጣ። ያን ጊዜ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን የለንም፤ የሰው አዳራሽ ተውሰን ነው የምናስቀድሰው፣ ቄስም በወር አንዴ ነው የሚመጣልን። ያው ሥርዓታችን ነውና ጫማችንን በር ላይ አውልቀን እንገባለን። ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ከዚያ ሁሉ ጥቁር ዝርግ ጫማ መሐል የኅሩይ ጫማ እንደ ግንብ ቆሟል።

አቶ አስፋ ቀድሞ አየው። በአገሩ የመምሪያ ኃላፊ የነበረ፣ እዚህ የመጋዘን ዘበኛ የሆነ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። "ይሄ የየትኛዋ እመቤት ነው?" አለ።

ወይዘሮ ምንትዋብ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ "የኔ እንዳይመስልህ። በዚህ ዕድሜዬ ከየት ሰገነት ልውደቅ?" አለችው።

ሰዉ ሳቀ። ኅሩይ ጎንበስ ብሎ፣ "የኔ ነው፣ ጋሼ" አለና ተቀምጦ ያጠልቅ ጀመር።

"ማክሰኞ ዙሪክ የምትሄደው ለሥራ ነው ወይስ ለሰርግ?"

"ለሥራ ነው፣ ጋሼ።"

"በዚህ?"

"በዚህ።"

"በል እንግዲህ፣ ሙሽራው ማን እንደሆነ አትደብቀን።"

እንደገና ተሳቀ። ኅሩይም አብሮ ሳቀ። እኔ ግን ፊቴ ሲቃጠል ይሰማኛል። የኔ ቤት ልጅ ነዋ። ወደ አውቶቡስ ስንሄድ አቶ አስፋ ወደ ጎን ሳብ አደረገኝ። አሁን አይቀልድም።

"የወይንሐረግ፣ ፈረንጁ በር ላይ ሲያየው ኅሩይን ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ሁላችንንም ነው። ነገ ሌላው ልጅ ሥራ ሲጠይቅ፣ ያ ባለታኮው አገር ሰው መጣ ይሉናል። አንቺን ይሰማሻል፣ ምከሪው። ከፈለግሽ የኔን ጥቁር ጫማ አውሰዋለሁ።"

ይሉኝታ ጉምሩክ የማይፈትሸው ዕቃ ነው፣ ልጆቼ። ሁላችንም ይዘነው ገብተናል።

ሰኞ ኅሩይ ሳህኑን ሊያጥብ እንደሄደ ጫማውን ከአልጋው ሥር አወጣሁ። ደብቄ ባስቀምጠው ያገኘዋል ብዬ ፈራሁ። በሰፈራችን አሮጌ ልብስ ለድኃ የሚሰበሰብበት ቀን ነበር፤ ከረጢቱን በርህ ላይ ታስቀምጣለህ፣ መኪና መጥቶ ያነሣዋል። አስቀመጥኩት። መኪናው ሲያነሣው በመስኮት አየሁ። ያን ጊዜ የቀበሌው ጥበቃዎች ትዝ አሉኝ። ቢሆንም፣ እነሱ መጥረቢያ ነው የያዙት፣ እኔ ለርሱ አስቤ ነው ብዬ ልቤን አስተኛሁት።

ማክሰኞ ጠዋት አልጋው ሥር አየ፣ ቁም ሣጥኑን ከፈተ፣ ወደኔ ዞረ።

"እትዬ፣ ጫማዬን አይተውታል?"

"ሰጠሁት።"

"ለማን?"

"ለልብስ ሰብሳቢዎቹ። አቶ አስፋ የራሱን ልኮልሃል። የመርካቶ ሥራህ ፎቶግራፍ አለ አይደል? እሱን ብታሳየው ይበቃል። ሰው ይሳቅብህ ወይ?"

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። በቤቴ ያለ፣ እንጀራዬን የበላ ልጅ ነው፤ እኔም ታላቁ ነኝ፤ ምን ይበለኝ? "እሺ" አለ። የአቶ አስፋ ጫማ ከእግሩ ሰፋበት። ጫፉ ላይ ጋዜጣ ወተፈበት።

የዕረፍት ቀኔ ስለነበር አብሬው ሄድኩ። ባቡር ውስጥ ስለ በረዶው፣ ስለ ላሞቹ አወራሁ። እሱ ይሰማኛል።

ቪዲኮን የደረስንበት ቤት ግቢ ውስጥ የገባ ነው። የቆዳና የማስቲሽ ሽታ ከበሩ ወጥቶ ተቀበለን። ኅሩይ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሽታውን ወደ ውስጥ ሳበው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሲተነፍስ አላየሁትም ነበር።

ባለቤቱ ሄር ሱተር፣ እኛ አቶ እንደምንለው መሆኑ ነው፣ ሽርጥ የታጠቀ ሽማግሌ ነው፤ ፈረንሳይኛው እንደኔው የተሰባበረ። ለኔ በርጩማ ሰጠኝ። የኅሩይን እጅ ሲጨብጥ ዓይኑ ፊቱ ላይ አልነበረም፤ እግሩ ላይ ነበር።

"ይህን አንተ ነህ የሰፋኸው?"

"አይደለም። የተዋስኩት ነው።"

"ያንተስ?"

ኅሩይ ፎቶግራፉን አወጣ። ሽማግሌው መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየው። "ጥሩ እጅ ነው" አለ። "ግን ፎቶግራፍ መሬት አይረግጥም።"

ሄደና ከመደርደሪያ ላይ ብርማ የወንድ ጫማ አወረደ። ታኮው ተገንጥሏል።

"ይህን የተጫማው ዘፋኝ መቶ ኪሎ ነው። የድሮ ንጉሥ ሆኖ ሲጫወት ደረጃ ላይ ታኮው ተነቀለበት። ሠራተኞቼ ጎበዞች ናቸው፤ ግን ታኮ ላይ ቆመው ስለማያውቁ የወንድ ክብደት የት እንደሚያርፍ አያውቁም። ደብዳቤህን ሳነብ ራሱ በታኮ የሚሄድ ሰፊ አገኘሁ ብዬ ነበር። እዚያ ደረጃ ላይ ወጥተህ ስትወርድ ላይህ ነበር የፈለግኩት።" ጥግ ላይ ለመሞከሪያ የተሠራ የእንጨት ደረጃ አለ። "ጻፍኩልህ እኮ። ጫማው የት አለ?"

ኅሩይ ወደኔ አልዞረም። ትከሻው እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

"ጠፋብኝ" አለ።

"ጫማ ጠፋ?"

"አዎ።"

ሽማግሌው ጺሙን አሻሸ። "ትናንት አንድ ሰው መጥቶ ነበር፤ ዓርብ መልስ እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ። እስከዚያ ሌላ ልትሠራ ትችላለህ?"

ቆዳው ፎርማ ላይ ተወጥሮ እስኪደርቅ ብቻ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ሁለቱም ያውቁታል።

"አልችልም" አለ ኅሩይ።

ልጆቼ፣ ፈረንሳይኛ አውቅ ነበር። ልጁ ሠርቶ ነበር፣ የጣልኩት እኔ ነኝ ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ያን ሽማግሌ ሳየው፣ በዚያ ሰው ፊት ያቺ ሞኝ ሴት መሆን አሳፈረኝ። ቀሚሴን ወደ ጉልበቴ ሳብ ሳብ አደረግኩና ዝም አልኩ። ጫማውን የጣልኩት ባለማወቅ ነው እንበል። ዝም ያልኩት ግን አውቄ ነው።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ የያዝኩትን ቅቅል እንቁላል አወጣ፣ ልጦ ሰጠኝ። "ይብሉ እንጂ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሱም" አለኝ።

በማግስቱ ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ነገሩን ደግሞ አላነሣውም፤ ታኮም ከዚያ ወዲህ አልተጫማም። ከእኔም ቤት ወጥቶ ክፍል ተከራየ፤ በጠብ አይደለም፣ ጊዜው ስለደረሰ ነው። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ስግደት ሰጡኝና፣ "ልጄ፣ ይህ በደል እኔ ዘንድ አይደለም ያለው" አሉኝ።

ከትንሣኤ በኋላ ብቻዬን ዙሪክ ሄድኩ። ሄር ሱተር አወቀኝ። ቆሜ ነገርኩት፣ ሁሉንም፤ በርጩማው ላይ አልቀመጥም አልኩ። ከበስተኋላው አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ይሰፋል፤ ያ ከኛ በፊት ሰኞ ዕለት መጥቶ የነበረው ሰው መሆኑ ነው።

ሽማግሌው ሰምቶኝ ሲያበቃ አልተቆጣም። "ያን ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ እጠብቀው ነበር" አለኝ። "ሁለት ወርም ቢሆን። አሁን ግን ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ፤ ሌላ ሠራተኛ የመያዝ አቅም የለኝም።"

ከባቡር እንደወረድኩ ቀጥታ ፓኪ፣ ኅሩይ የሚሠራበት ምግብ ቤት የጓሮ በር ሄድኩ። ይቅርታ ጠይቄ መገላገል ነው የፈለግኩት፤ ለራሴ ማለቴ ነው፣ አሁን ሳስበው። እጁን በሽርጡ እየጠረገ ወጣ። ክንዱ እስከ ክርኑ ርጥብ ነው። መሬት ወድቄ እግሩን ልይዝ ስል ቀድሞ ብድግ አደረገኝ።

"ኧረ እትዬ፣ ምን ሆነዋል? ሰው ያያል።"

"ዙሪክ ሄጄ ነበር። ለሰውየው እውነቱን ነገርኩት።"

"ለሄር ሱተር?" ዓይኑ ከመሬት ተነሣ። "ምን አለ?"

"ያን ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ እጠብቀው ነበር አለኝ።"

ኅሩይ እጁን እንደገና ጠረገ፤ ደርቋል፣ ግን ጠረገው። ከውስጥ አንድ ሰው በፈረንሳይኛ ስሙን ይጣራል።

"ይህን ባይነግሩኝ ጥሩ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "እጄ ረስቷል፣ ጫማውን ቢያየውም ኖሮ አይወስደኝም ነበር ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። በዚያ ተኝቼ አድር ነበር እኮ፣ እትዬ።"

"ይቅር ይበለን፣ ሁላችንንም" አለና ጎንበስ ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። "ሳህኑ ተከምሮብኛል፣ ልግባ።"

በሩ ከባድ የብረት በር ነው፤ ሲለቁት ይጮኻል። እንዳይጮኽብኝ በእጁ ይዞ፣ ቀስ አድርጎ ዘጋው።