ጣሪያው እንዳይነቃነቅ

የጥርስ ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲያስከፍት ይውልና ሲመሽ የራሱን አፍ ከፍቶ ስለ ሰማይ ያወራል። ሚስቱ ይህ በሽታ ነው ትላለች። በሽታ ከሆነ ደግሞ ተላላፊ ነው፤ በከተማው ውስጥ አራት ሰው ይዟል። አራቱም ተሰብስበው የሰማይ ፎቶ አንሺዎች ማኅበር አቋቁመዋል። አንዱ ሊቀ መንበር፣ አንዱ ምክትል፣ አንዱ ጸሐፊ ሲሆኑ ተራ አባል ሆኖ የቀረው የጥርስ ሐኪሙ ብቻ ነው። ስለዚህ በስብሰባ ላይ «አባላት ምን ይላሉ?» በተባለ ቁጥር ሦስቱም ዞረው እሱን ያዩታል።

በዚያ ሰሞን ጅራታም ኮከብ መጣ። ፀሐይ እንደጠለቀች በምዕራብ በኩል ብቅ የሚል፣ ያለ ምንም መሣሪያ የሚታይ፣ ደማቅ ነበር። ይህ ነገር ማኅበሩን ክፉኛ አስከፋው። እነሱ ለዓመታት ማንም ዞር ብሎ የማያያትን ብናኝ የምታህል ጭጋግ ፎቶ ሲያነሱ ኖረው፣ አሁን ዳቦ ሻጩም ሹፌሩም መዋጮ ሳይከፍል ቀና ብሎ ያይ ጀመር።

«በባዶ ዐይን ማየትማ ዶሮም ታያለች» አለ ሊቀ መንበሩ፣ የቀድሞ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው። «የእኛ ሥራ ፎቶው ነው። ከሁላችን ፎቶ የበለጠው በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ይሰቀላል።»

የጥርስ ሐኪሙ የዚያኑ ቀን ልቡ ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ተሰቀለ።

አማቱ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። ከጉልበታቸው በቀር ሁሉ ነገራቸው ጤነኛ ነው፤ በተለይ ምላሳቸው። ኮከቡ ተመልሶ የሚመጣው ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ መሆኑን በሬዲዮ ሰምተው፣ «እስከዚያ እንኳ የምቆይ አይመስለኝም» አሉት። «ልጄ፣ ጣሪያው ላይ ስትወጣ እኔንም አሳየኝ።»

«እንዴታ እማማ! ለእርስዎ ያልሆነ ኮከብ!» አለ። ለፎቶውም ሳሎን ግድግዳ ላይ አስቀድሞ ሚስማር መታ።

የቤቱ ጣሪያ ዝርግ ነው፤ ወለሉ ግን የእንጨት ርብራብ ስለሆነ ድመት ስትሄድበት እንኳ ይነቃነቃል። ካሜራው ዐይኑን ከፍቶ ብርሃን ሲለቅም ወለሉ ከተነቃነቀ ደግሞ ክቡ ኮከብ ፎቶው ላይ ተጎትቶ ትል ይሆናል። በዚያ ምሽት የጥርስ ሐኪሙ እግሮቹን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሳል ሲመጣበት እየዋጠ ተቀመጠ። የኮምፒውተሩ ብርሃን ሌንሱ ላይ እንዳያርፍም ወንበሩን አዙሮ ለምዕራብ ጀርባውን ሰጠ።

አማቱ በየደረጃው እያረፉ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ከስንት ትንፋሽ በኋላ ጣሪያው በር ላይ ደረሱ።

«እማማ! እዚያው! እንዳይረግጡ!»

«ምን ረገጥኩ?»

«ወለሉ ይነቃነቃል፤ ካሜራው እያነሳ ነው።»

«ሲጨርስ ልግባ?»

«አይጨርስም፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። ኮከቡም አሁን ይጠልቃል። ይልቅ ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ እሰቅልልዎታለሁ፤ በዐይን ከሚታየው ይበልጣል።»

ከበሩ ላይ ሆነው ሲያዩ ምዕራቡን የውሃ ታንከሩ ጋርዶታል። አንገታቸውን ወዲህም ወዲያም አሉ፤ የታየ ነገር የለም።

«እሺ ልጄ» አሉ። «ኮከቡም እንዳይደነግጥ።» ያንኑ ደረጃ ተመልሰው ወረዱት።

ትንሽ ቆይቶ ከታች ከመንገዱ «ያውና! ያውና!» የሚል ጩኸት መጣ። የጥርስ ሐኪሙ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እሱ የኮከቦቹን ክብነት በኮምፒውተሩ ላይ እየመረመረ ነበር። ዋናውን ነገር ፎቶው ላይ በደንብ አየዋለሁ ብሎ አሰበ።

በማግስቱ ሰማዩ ደመና ለበሰ። ደመናው ሲገለጥ ጅራታሙ ሄዷል።

የጥርስ ሐኪሙ ግድ አልሰጠውም፤ ሲሳዩን ይዟል። ፎቶዎቹን ሁሉ አንዱን በሌላው ላይ ደራርቦ አንድ የጠራ ምስል ለሚያወጣው ፕሮግራም አስረከበ። ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ ጠየቀው፦ ኮከቦቹ በቦታቸው ቆመው የሚንቀሳቀስ ነገር ቢገኝ ምን ይደረግ? የጥርስ ሐኪሙም እንደ ልማዱ «ይጥፋ» አለ። አውሮፕላን ፎቶ ሲያበላሽበት ስለኖረ እጁ ራሱ ያውቀዋል።

ምስሉ ወጣ። ገና ሳይደምቅ ጨለማ ነው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ጥጋጥጉን አጉልቶ ኮከቦቹን አየ፤ ክብ ናቸው፣ አንድም ትል የለም። እሰይ! ኮምፒውተሩ ቦታ ጠበበኝ እያለ ሲነጫነጭበት ስለነበር ዋናዎቹን ፎቶዎች ጠራርጎ ደመሰሰ። ከዚያ ምስሉን አደመቀው።

ሰማዩ ቦግ አለ። አንድም ኮከብ አልጎደለም። የጎደለው ጅራታሙ ብቻ ነው። ኮከቦቹ ቆመው እሱ ብቻ ሲንቀሳቀስ ተገኝቷላ! በቦታው መስታወት ላይ የቀረ የጣት አሻራ የመሰለ ብዥታ ተጋድሟል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይሄኛው የሚለቅመውንም ደምስሶታል።

«ጅራታም ኮከብ ያገኘ ሰው ብዙ ነው» አለው ሊቀ መንበሩ በስልክ፣ ሳቁን ሲጨርስ። «ያጠፋ ግን ካንተ በፊት አልሰማሁም።» ቤተ መጻሕፍቱ ላይ የሊቀ መንበሩ ፎቶ እንዲሰቀል ተወሰነ፤ ጅራቱ የጋዝ ምድጃ እሳት መስሎ ሰማያዊ የሆነ ፎቶ ነው። ሦስቱ ባለሥልጣናት ደገፉ። አባላት ምንም አላሉም።

ይሄስ ይሁን። ቤት ውስጥ ግን አማቱ ጠዋት ጠዋት ባዶውን ሚስማር እያዩ «ፎቶዬስ?» ይሉታል። የጥርስ ሐኪሙ ሲጨንቀው የሊቀ መንበሩን ፎቶ አሳተመና፣ ዐይኑን በጨው አጥቦ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው።

አማቱ መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ። ሚስቱም ከወጥ ቤት መጥታ ቆመች።

«ያምራል» አሉ አማቱ። «ግን ይሄ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም እማማ?»

«እኔ ያየሁት እንዲህ ሰማያዊ አልነበረም። ነጣ ያለ ነው። ጅራቱም ወደ ላይ ተነስቶ፣ ሳሳ እያለ ሄዶ፣ የት ላይ እንዳለቀ ሳታውቀው ያልቃል።»

«የት አዩት?»

«መንገድ ላይ ነዋ! ከጣሪያው ስታባርረኝ ወረድኩ፤ ዳቦ ሻጩ ወንበር አወጣልኝ። እስኪጠልቅ አየሁት።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ካንተ ጋር ላየው ነበር የወጣሁት እንጂ መንገዱማ ይቀርበኝ ነበር። ለመሆኑ አንተ ስታየው እንዴት ነበር?»

የጥርስ ሐኪሙ አፉን ከፈተ። እንደዚያ ያለ አፍ ስንት ጊዜ አይቷል፤ የራሱ ሲሆን ግን ያማል።

«አላየሁትም» አለ። «ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። ይሄም የእኔ አይደለም። የእኔ ጠፍቷል።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች ሚስቱ።

አማቱ አልሳቁም። «የራስህን አምጣ» አሉት።

አሁን ሚስማሩ ላይ ያለው ጅራታም የሌለው የጅራታም ኮከብ ፎቶ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር አማቱ ጉልበታቸውን ይዘው ይነሱና ብዥታው ላይ ጣታቸውን ያሳርፋሉ። «እዚህ ጋ ነበር። ከዚህ ተነስቶ እስከዚህ። ልጄ ያን ጊዜ ሥራ ላይ ነበር» ይላሉ።

እሱ ሁልጊዜ ከእንግዶቹ ኋላ በሩ ላይ ይቆማል። ከዚያ ሆኖ የእሳቸው ትከሻ ይጋርደዋል፤ አንገቱን ወዲህም ወዲያም ይላል።

«ግባ እንጂ ልጄ፣ ቀረብ ብለህ እይ» ይሉታል ሳይዞሩ። «የሳሎኑ ወለል አይነቃነቅም።»