ፈረሱን አላየሁም

እሑድ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ነበር። ሰዓቱን የማስታውሰው ከተጋጣሚዬ ከጥርስ ሐኪሙ ራስ በላይ የግድግዳ ሰዓት ተሰቅሎ ስለነበረ ነው። የቼዝ ውድድሩ የመጨረሻ ዙር ነው። ካሸነፍኩ ብሔራዊ ቡድን እገባለሁ፤ አቻ ከወጣሁ አልገባም። ጨዋታው ደግሞ በእጄ ነበር፣ አንድ ሙሉ ግንብ እበልጠዋለሁ።

የጥርስ ሐኪሙን ክለቡ ውስጥ ሁሉም ይፈራዋል፤ “ሳያደነዝዝ ይነቅላል” ይባልለታል። ያን ቀን ግን ላብ ያጠመቀው እሱን ነበር። ቀና ብዬ ተመልካቾችን ከሚለየው ገመድ ወዲያ ወንድሜን፣ ጋሼን፣ ፈለግኩት። ሁልጊዜ የሚቀመጥባት ወንበር ባዶ ናት።

ጋሼ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። ቼዝ ያስተማረኝ በሱቁ የሥራ ጠረጴዛ ላይ፣ የጠፋውን ወታደር በክር ማጠንጠኛ ተክቶ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታዬን ጥሎ መውጣቱ አንጀቴን አሳረረው። በዚያ ንዴት እጄን ሰድጄ ንግሥቴን ጨበጥኩ። ልክ እንደነካኋት ታየኝ። የምትጠብቀውን ቦታ ከለቀቀች የሐኪሙ ፈረስ ገብቶ ንጉሤን በገዛ ወታደሮቼ መሃል ያንቀዋል። የነኩትን ማንቀሳቀስ ደግሞ ግዴታ ነው።

“ነክተሻል” አለኝ ሐኪሙ። በትሕትና ነው ያለው፤ እሱ ባሰብኝ።

እኔና ጋሼ አንድ ደብተር ነበረን። የተሸነፈ ሰው ሁለት ነገር ብቻ ይጽፍበታል፤ እጄ ምን አደረገ፣ ዓይኔ ምን አላየም። ደክሞኝ ነበር፣ ዳኛው አድልቶ ነበር የሚባል ነገር አይገባበትም። እሱም ሲሸነፍ ይጽፋል። ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሄጄ “ጋሼ ጥሎኝ ስለወጣ” ብዬ ጻፍኩና ደብተሩን ወረወርኩለት። ቀይ እስክሪብቶውን አንስቶ ሰረዘውና ከስሩ ጻፈ፦ “ይሄ ስህተት ሳይሆን ሰበብ ነው። ቀዥቃዣ፣ እንደገና ጻፊ።” ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው።

የት ሄደህ ነበር ብዬ አልጠየቅኩትም። የፈለግኩት ማኩረፍ ነበር። ደብተሩን ይዤ ወጣሁ፤ አሥራ አንድ ቀን አኮረፍኩት። በአሥራ ሁለተኛው ጠዋት አንድ የስፌት መኪና ውስጥ እጁን እንደሰደደ ልቡ ቆመ።

ለቅሶው ላይ አንዲት ጎረቤት አጠገቤ ተቀምጣ በመጨረሻ ምን እንዳለኝ ጠየቀችኝ።

“ቀዥቃዣ” አልኳት።

ኀዘኑ ያስቀባጠረኝ መስሏት አቀፈችኝ። እኔ በንዴት እየነደድኩ ነበር። “ዐረፈ” ያለኝን ሁሉ ማባረር አማረኝ። ሥራ የሚወድ ሰው ነው፤ ማን ዕረፍት ጠየቀ?

በሦስተኛው ቀን የውድድሩ አዳራሽ ዘበኛ መጡ። ያን እሑድ ጋሼ ደረጃው ላይ ደረቱን ይዞ ተቀምጦ፣ ፊቱ አመድ መስሎ እንዳገኙት ነገሩኝ። ውኃ ሰጥተውታል። እኔን ሊጠሩኝ ሲነሱ እጃቸውን ይዞ አስቀራቸው።

“‘ይተዋት፣ እያሸነፈች ነው’ አለኝ” አሉ።

“ታዲያ እርስዎ ዝም አሉ፣ አባባ?”

“እያሸነፈች ነው አለኝ እኮ፣ ልጄ።”

ሽማግሌውን በጥፊ ባልላቸውም አሰኝቶኛል። ጓዳ ገብቼ ደብተሩን ከፈትኩና በእሱ ፈንታ ጻፍኩ፦ “እጁ፦ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ። ዓይኑ ያላየው፦ ጨዋታ ሌላ ቀንም እንዳለ።” እስክሪብቶውን ስጫነው ወረቀቱ ተቀደደ። ደግ አደረግኩ አልኩ። ለትንሽ ጊዜ ቀለለኝ።

ከዚያ የሚቀጥለው ባዶ ገጽ ተራው የእኔ ሆነ።

እኔ የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ከዚያ እሑድ በፊት በነበረው ወር ጋሼ ሦስት ጊዜ መጥቶ ደረቴን ያቃጥለኛል፣ የጨጓራ ነገር ስጪኝ ብሎኛል። ሦስቱንም ጊዜ ዞር ሳልል እጄን ወደ መደርደሪያው ሰድጄ አቀበልኩት። “ሆድህን ቀንስ፣ መኪናው ስር አልገባ ብሎህ ነው” ብዬ ቀልጄበታለሁ። የማላውቀው ሰው ቢሆን ደረጃ ስትወጣስ ይብስብሃል፣ ግራ እጅህንስ ብዬ እጠይቅ ነበር። የምጠይቀውን አሳምሬ አውቃለሁ። ለመንገደኛ የማልነፍገውን ጥያቄ ለገዛ ወንድሜ ነፈግኩት።

“እጄ፦ መድኃኒቱን አቀበለ። ዓይኔ፦ ሰውየውን አላየም” ብዬ ጻፍኩ። ሰበብ ፈለግኩ፤ ነበረኝም፣ ሰልፍ ነበር። አልጻፍኩትም። ከዚያ ቀይ መስመር ወዳለበት ገጽ ተመለስኩና እንዳዘዘኝ እንደገና ጻፍኩ፦ “ንግሥቴን በንዴት ነካሁ። ፈረሱን አላየሁም።” የሚያርመኝ አልነበረም። ያም አናደደኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ከጥርስ ሐኪሙ ጋር በአራተኛው ዙር ተገናኝተን አቻ ወጣን። ውድድሩን ሰባተኛ ሆኜ ጨረስኩ።