የተሾመች እንቁላልና የኔ ዓይን

«ጫጩቶቹን ከነቅርፊታቸው የፈጃቸው የደጊቱ ዓይን ነው» ብላ ጎረቤቴ ተሾመች ስሜን አንስታ የእስቴን አገር ሁሉ አዳረሰችው። ታቃፊ ዶሮዋን ያየሁት እሳት ልጭር የሄድሁ ዕለት፣ አንዴ ብቻ ነው! ከዚያ ወዲያ ሰው ልጁን ይሸሽገኝ ጀመር። በገዛ ሰፈሬ ቡዳ ተባልሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

እኔ ደግሞ ነገሩ ካልገባኝ እህል አይወርድልኝም። ተሾመች ከአጥር ስር የወረወረቻቸውን አሥራ ሦስት እንቁላሎች ለቅሜ ሰበርኋቸው። ጉድ እኮ ነው! ያልያዘ እንቁላል ገምቶ ውኃ ይሆናል፤ እነዚህ ግን ላባ አውጥተው፣ ምንቃራቸው ተጣሞ፣ ለመውጣት ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ሞተዋል። ዓይን እንዲህ ቀን ቆጥሮ ይገድላል? ቅርፊቱ ላይ ደግሞ ነጭ ዱቄት አለ።

ባሏን ደምሌን ጠየቅሁት። ዱቄቱን የወባ መርጪዎች ስማዳ ቆላ ውስጥ ከጣሉት ጆንያ አራግፎ ያመጣው እሱ ነው። ተሾመች ቅንቅን ያጠፋልኛል ብላ ዶሮዋንም እንቁላሉንም ስትነሰንስበት ከርማለች።

«ዱቄት ያልነካው አሥራ ሦስት እንቁላል ስጠኝ» አልሁት። «የኔን ዶሮ አስታቅፌ በየማለዳው አፍጥጬ አያቸዋለሁ። ከሞቱ ቡዳ ነኝ፤ አገሩን ለቅቄላችሁ እሄዳለሁ።»

አየኋቸው! በስድስተኛው ቀን አንዱን ወደ ፀሐይ ባነሳው ቀይ የደም ክር ተዘርግቶ፣ መሐሉ ላይ አንድ ነጥብ ትር ትር ይላል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ደግሞ ፈራሁ፤ እውነት ቡዳ ብሆንስ? ግን ማየቴን አልተውሁም።

በሃያ አንደኛው ቀን አሥራ አንዱ ተፈለፈሉ። ተሾመች እግሬ ላይ ወድቃ «ይቅር በይኝ» ስትል እኔም አለቀስሁ። ሰፈሩ ተሰብስቦ ሳለ «የገደላቸው ዱቄቱ ነው» ብዬ ነገርኋቸው። ሁሉም «እውነት ነው» አሉ።

በማግስቱ ሦስት ሴቶች እንቁላል በቁና ይዘው ደጄ ቆመዋል። ከፊት ያለችው ተሾመች ናት።

«ደጊቱ እናቴ፣ ዓይንሽ ለካ በረከት ነው» አለችኝ። «እነዚህንም እይልን።»

እንቁላሉ ሁሉ ያንኑ ነጭ ዱቄት ለብሷል። አየሁላቸው አላየሁላቸው መሞታቸው አይቀርም፤ ካየሁ ግን የሚከሰሰው ዱቄቱ ሳይሆን የኔ ዓይን ነው። በነጠላዬ ዓይኔን ሸፍኜ ጮኽሁባቸው፤

«ይህን መርዝ ሳትጥሉ አላይም! ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላይላችሁም!»