የሳሙናዋ ሴት

ሥራዬ መስማት ነው። ከተማው ውሃ ሲቋረጥበት፣ ቧንቧ ሲፈነዳበት ወይም ቆጣሪው ሲያብድበት የሚደውለው ለእኔ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «እሺ ጌታዬ፣ እሺ እናቴ፣ ይንገሩኝ» ስል ኖሬያለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ጆሮ» ይሉኛል። ተቀይሜ አላውቅም። እግዚአብሔር ለአንዱ ምላስ፣ ለአንዱ ጉልበት ሰጥቶ ለእኔ ጆሮ ከሰጠኝ፣ ተመስገን ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ከሥራ ስመለስ ግን እጄ ተራውን ይጠይቃል። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ቤት ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ ቅርጽ አደርገዋለሁ፤ የልብስ መስቀያ ሽቦ፣ የእንቁላል ካርቶን፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የሻማ ቅሪት። ያስተማረኝ የለም። ባሌ «እዚህ ቤት ሁለት ቀን ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ ነገር ሰው ይሆናል፤ እኔም ሶፋው ላይ ብዙ መቆየት ፈርቻለሁ» እያለ ይቀልድብኛል። ሥራዬን ሳሳየው ግን ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል «ግሩም ነው» ይላል። አንድ ቀን ሆን ብዬ ባዶ ሳህን አሳየሁት። «ግሩም ነው» አለ።

ችግሬ ይኸው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ስሠራ እውነቱን የነገረኝ አንድም ሰው የለም። ሰው ቤት ይዤ ስሄድ ደግሞ ባሰ፤ በንጹሕ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ የመጣ እንግዳ ስጦታ ይዞ እንደመጣ ነው የሚቆጠረው። «እስቲ እዩልኝ» ስል፣ «ውይ፣ ምን አስቸገረሽ! እጅሽ ይባረክ!» ብለው ይቀበሉኛል። ከዚያ ወዲያ «ኧረ ለአስተያየት ነው፣ መልሱልኝ» የሚል አንደበት ከየት ይምጣ? የሽቦው ሰውዬ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ዘንድ ቀርቶ ክንዱ ላይ ክር ይጠቀለልበታል። የእንቁላል ካርቶኗ ወፍ የባሌ እህት ቤት ሎሚ ታቅፋለች።

የሳሙናዋ ሴት ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረችም። የአንድ ዓመት የሳሙና ቅሪት አጠራቅሜ፣ በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቄ፣ በትንሽ ሙቅ ውሃ አላቁጬ የወተት ካርቶን ውስጥ ጠቀጠቅሁት። እስኪደርቅ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ከዚያ በቢላና በመርፌ መቅረጽ ጀመርኩ። አንገቷን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አድርጋ ሰው የምትሰማ፣ የተቀመጠች ሴት ናት። የሹሩባዋን እያንዳንዱን ጉንጉን፣ የሹራቧን ስምንት ቁልፎች፣ የጫማዋን ማሰሪያ፣ ጥፍሮቿን ሳይቀር ቀረጽኩ። ጨርሼ ጠረጴዛውን ስጠርግ፣ «ጌታ ሆይ፣ በዚህችኛዋ አንድ እውነተኛ ቃል አሰማኝ። ካልሆነ ቢላውን ለሽንኩርቱ እመልሳለሁ» አልኩ። የምሬን ነበር።

አክስቴ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ በስምንት ዓመት ብቻ ስለምትበልጠኝ «አንቺ» ነው የምላት። የሰው ፊት አይታ የማትናገር ሴት ስለሆነች ነው የመረጥኳት። ሆኖም ባሏ ቀኝ ጎናቸው ከደከመ ወዲህ ማጠቡም ማጉረሱም በእሷ ላይ ነውና፣ ፎጣውን ስገልጠው ጊዜ ወስዳ አላየችውም።

«አንቺ ጆሮ! ለእሱ ብለሽ ነው? እንዴት ይሸታል!» ብላ አቅፋ ሳመችኝና ሴትዮዋን መታጠቢያ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻት።

እኔም እንደ ልማዴ ነገሩን ዋጥ አደረግሁት።

ሁለት ወር አለፈ። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነዋሪውን የእጅ ሥራ ለአንድ ሳምንት ልታሳይ ነው ተባለ፤ ከአንድ ሰው አንድ ሥራ። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ ሁሉ አሳየኋት። ጣቷን የሳሙናዋ ሴት ላይ አሳረፈችና «ይቺን። ሐሙስ ከስድስት ሰዓት በፊት» አለችኝ። ይህን ዕድል ካጣሁ ሥራዬን አይቶ የሚናገር ሰው መቼ እንደማገኝ እንጃ።

ረቡዕ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ አክስቴ ቤት ሄድኩ።

«አክስቴ፣ ያቺን ሴት ለአንድ ሳምንት ታውሺኛለሽ?»

ሻይ እየቀዳችልኝ ነበር። ብርጭቆው ሞልቶ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ።

«የቷን ሴት?»

«የሳሙናዋን።»

«መጀመሪያ ሻይሽን ጠጪ እንጂ!»

ጠጣሁ። ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። ስለ ባሌ ጠየቀችኝ። ስሟን መስማት የማትወድላትን አማቴን እንኳ «ደኅና ናት?» አለች። ሰው ከነገር ሲሸሽ ድምፁ እንዴት እንደሚቀጥን ከስልኩ ተምሬያለሁና ጠበቅኋት።

«አጠብኩበት» አለች በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ሰውዬውን! ሰውዬውን አጠብኩበት። ምን ታፈጪብኛለሽ? ሳሙና አይደለም እንዴ? ለእሱ ገላ ብለሽ ያመጣሽው መስሎኝ ነበር!»

የሁለት ወር ገላ! ስምንቱን ቁልፎች፣ የሹሩባውን ጉንጉን አሰብኩ። «ሁሏንም?» አልኩ።

«መጀመሪያ ለዓይኔ ነበር ያስቀመጥኳት፣ እግዜር ያውቃል» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ እያለ። «አንድ ጧት ሳሙና አለቀብኝ። እሱን እርጥብ አድርጌ ጥዬ ሱቅ አልሄድ ነገር! መቀመጫዋን ትንሽ ልነካ ብዬ አነሳኋት። ደክሞኝ ስለነበር ግራ እጁ ላይ አስቀመጥኩለትና ትከሻውን ላጥብ ዞርኩ። ስመለስ ደረቱን ራሱ ያሻል። ራሱ! ከታመመ ጀምሮ ማንኪያ እንኳ አንስቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ እንዴት ልከልክለው? ሌላ ሳሙና ስሰጠው ይጥለዋል። እሷን ነው የሚፈልገው።»

ተነሥታ ሄደችና በትንሽ ፎጣ ይዛት መጣች። ለመግለጥ ፈራች፤ እኔ ገለጥኩት።

ቁልፎቹ የሉም። ጥፍሮቹ፣ የጫማው ማሰሪያ፣ የሹሩባው ጉንጉን የለም። ፊቷም ቢሆን ለስልሶ የግንባርና የጉንጭ ጥላ ብቻ ሆኗል። የቀረው ያ የዘነበለ አንገት፣ የተሰበሰበ ትከሻና ጉልበት ላይ ያረፈ እጅ ነው። ሴትዮዋ ትሰማለች። ያኔ ለብሳ አጊጣ ፎቶ የምትነሣ ትመስል ነበር፤ አሁን ግን እየሰማች ነው። ወገቧ ላይ የሰው ጣት ያረፈበት ጎድጓዳ አለ።

«ተቆጣሽ?» አለች አክስቴ።

«አክስቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። መጀመሪያ ሳመጣት ምን መሰለችሽ?»

«እውነቱን?»

«በጌታ።»

«የሠርግ ኬክ ነበር የምትመስለው» አለች። «አንቺም የሰማሽውን ሁሉ ሳታስቀሪ የምታወሪ ትመስዪ ነበር። ሴትዮዋን ለማየት ስንት ቁልፍ መፍታት ነበረብኝ! አሁን ትሻላለች። ይኸው ተናገርኩ፤ ከፈለግሽ ተቀየሚኝ።»

ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ይህ ነበር። የሠርግ ኬክ! ሳቄና ዕንባዬ አንድ ላይ መጡ፤ አክስቴ የትኛው እንደሆነ ስላልገባት ሁለቱንም በፎጣው ትጠርግልኝ ጀመር። ሽንኩርቱ ሌላ ቢላ ይፈልግ።

ልወስዳት ግን እንዴት? በሩ ክፍት ስለነበር የአክስቴ ባል ከአልጋቸው ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አልኳቸው አጠገባቸው ተቀምጬ።

ግራ እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኳት፤ አውራ ጣታቸው ወገቧ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ውስጥ ልክ ገባ። ጥቂት ዳሰሷት። ከዚያ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተቱ፣ «ትሂድ» አሉ። «ግን… ትመለስ።»

ሐሙስ በአራት ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ደረስኩ። ኃላፊዋ ስልኬ ላይ ካየችው ጋር ልታስተያያት መነጽሯን ገፋ አደረገች።

«ፎቶው ላይ ያለችው አይደለችም እኮ።»

«እሷው ናት። አክስቴና ባሏ ጨረሷት።»

ዙሪያዋን እየዞረች አየቻት፤ መስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ በጎን በሚመጣበት ቦታ አስቀመጠቻትና የሠሪ ስም የሚጻፍበት ካርድ ሰጠችኝ። ሦስት ስም ጻፍኩ። የጋሼን ስም አስቀድሜ።

ቅዳሜ ባሌ ጋሼ ዘንድ ሊቀመጥ ሄደልኝና አክስቴ መጣች። ከቤት ከወጣች ስንት ጊዜዋ! ካርዱ ላይ ስሟን ስታይ «ያምሻል እንዴ?» ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ከመደርደሪያው ፊት ግን አልተነቃነቀችም። ሰው መጥቶ ይቆማል፣ ያያል፣ ይሄዳል፤ እሷ እዚያው ናት። በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፦

«አንገቷ ጋ ገና ነው» አለች። «ወፍራም ነው። የሦስት ጧት ገላ ለእኛ ተዪልን።»

በልቤ ተመስገን አልኩ።

«ሌላስ?» አልኳት።

«ሌላማ ብዙ አለ» አለች፣ ወንበር እየሳበች።